የጥለቱ ቁጥር

የእናቴን ነጠላ ጥለት ባየሁ ቁጥር የሚገርመኝ፣ ያ ሁሉ ስሌት በሸማኔው ጭንቅላት ብቻ መኖሩ ነው። ስንቱን ድር አንሥቶ ስንቱን እንደሚተው የጻፈለት የለም።

በፈረንሳይዋ ሊዮን ቁጥሩ ከጭንቅላት ወጥቶ ወረቀት ላይ ሰፈረ። እ.ኤ.አ. በ1725 ባዚል ቡሾን በተበሳ ወረቀት የሐር ድርን መራ፤ ፋልኮን ወረቀቱን በካርድ ተካው፤ ቮካንሶንም የራሱን ጨመረበት። ዦዜፍ ማሪ ዣካር በ1804 የቀደሙትን ሐሳብ አዋሕዶ መሣሪያውን አበጀ። ቀዳዳ ካለ ድሩ ይነሣል፤ ከሌለ ባለበት ይቀራል። ለእያንዳንዱ የማግ ውርወራ አንድ ካርድ።

ከማሽኑ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ የ1805 ውሳኔ ነው። ናፖሊዮን የፈጠራውን መብት ለከተማዪቱ ሰጠ፤ ለዣካርም የዕድሜ ልክ አበል ተቆረጠለት። ዛሬ «ኦፕን ሶርስ» የምንለው ነገር አንዱ ቅድመ አያት ይህ ይመስለኛል። (ድር በመሳብ ይተዳደሩ የነበሩ ረዳቶች ግን እንጀራቸውን አጡበት።)

በ1839 የዣካር ምስል በ24,000 ካርዶች በሐር ተሸመነ። አንዱ ቅጂ የእንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ ነበር፤ እንግዶቹ የታተመ ሥዕል ይመስላቸው ነበር። ባቤጅ ለነደፈው የስሌት ማሽን ካርዱን ከሸማኔዎች ተዋሰ፤ ማሽኑ ግን በዘመኑ ሳይጠናቀቅ ቀረ።

ዘንድሮ ደግሞ «አያብ» በተባለ ለሁሉም ክፍት በሆነ ፕሮግራም፣ በ1980ዎቹ የተሠራ የብራዘር ሹራብ መሥሪያ ከኮምፒውተር ጥለት ይቀበላል።

የእናቴን ነጠላ የሸመኑት አባት ዐርፈዋል። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ገዝቼ ጥለቱን ክር በክር መቁጠር ጀምሬያለሁ፤ ዐሥራ አንደኛው መስመር ላይ ነኝ።