ሞትን መጠበቅ፦ የሉዚራ እስረኞች ክስ

የድሮ የአሜሪካ የእስር ቤት ፊልሞችን የሚወድ ሰው «መኖር እፈልጋለሁ» የተባለውን ያውቀው ይሆናል። ሮበርት ዋይዝ በ1958 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በነፍስ ግድያ ተፈርዶባት በ1955 ካሊፎርኒያ ውስጥ በመርዝ ጋዝ የተገደለችውን የባርባራ ግራሃምን ታሪክ ይተርካል። ዋናዋ ተዋናይ ሱዛን ሄይዋርድ ኦስካር ተሸልማበታለች። በመሞቻዋ ዕለት ስልክ ይደወላል፣ ቅጣቱ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል፤ ደግሞ ይደወላል፣ ደግሞ ይቆያል። እኔ ከሞቱ ይልቅ ያስጨነቀኝ ይሄ ጥበቃ ነው።

እዚህ ካምፓላም የዚህ ዓይነት ታሪክ አለ። በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ፣ ሉዚራ የሚባል ትልቅ እስር ቤት ይገኛል። በ1999 እዚያ 28 ሰዎች ተሰቅለዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሱዛን ኪጉላ የምትባል ወጣት (ስማቸው መገጣጠሙ!) አብሯት የሚኖረውን ሰው ገድላለች ተብላ ሞት ተፈረደባት። እሷ አልገደልኩም ነው የምትለው። ያኔ በኡጋንዳ ሕግ ነፍሰ ገዳይነቱ ለተረጋገጠበት ሰው ቅጣቱ ሞት ብቻ ነበር፤ ዳኛው ሆዱ ቢራራ እንኳ ምርጫ አልነበረውም።

ሆኖም ኪጉላና ሌሎች 417 የሞት ፍርደኞች የስልክ ጥሪ ቁጭ ብለው አልጠበቁም፤ በ2003 መንግሥትን ከሰሱ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2005 ፈረደላቸው። መንግሥት ይግባኝ ቢልም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2009 ውሳኔውን አጸናው፤ ዳኛን አስገድዶ ሞት የሚያስፈርድ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ተባለ። ሌላም አለ። ሞትን እየጠበቁ ለዓመታት መኖር ራሱ ጭካኔ ነው ተብሎ፣ የመጨረሻ ይግባኛቸው ውድቅ ከሆነ ሦስት ዓመት ያለፋቸው ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። የሌሎቹ ቅጣት እንደገና እንዲታይ ተመለሰ። የሞት ቅጣት ግን ጭራሽ አልተሻረም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ኪጉላ በእስር ቤት ትምህርቷን ቀጥላ፣ ከለንደን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ሕግ ተማረች። በ2011 ጉዳይዋ እንደገና ታየ። በዚህ ጊዜ ዳኛው መምረጥ ይችሉ ነበርና ሞቱ ቀርቶ 20 ዓመት ተፈረደባት። በ2016 መጀመሪያ ላይ ከሉዚራ ወጣች።