የጭላሎ ማረሻና የዛሬው ኤአይ

አሰላ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ሯጮቹ ይሮጣል። ኃይሌ ገብረሥላሴ የተወለደባት አገር ናትና አይፈረድብንም። ዛሬ ግን ወደ አሰላ የምንወስዳችሁ ለሌላ ጉዳይ ነው።

ጊዜው የኤአይ ነው። ሦስት ጓደኛሞች አንድ ካፌ ተቀምጠው መተግበሪያ ለመሥራት ሲያቅዱ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ኤአዩን የቱ ጋ እናስገባው?» የሚል ሆኗል። የሚያወራ ረዳት ይኑረው? ፎቶ አይቶ በሽታ ይለይ? ማን ብድር እንደሚመልስ ይገምት? ሁሉም ሊሠራ ይችላል። ለመሆኑ የትኛው ነው መሠራት ያለበት?

ይህ ጥያቄ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ይመስለናል እንጂ የቆየ ነው። ከ50 ዓመት በፊት ጭላሎ ተራራ ሥር ተጠይቋል። ያኔ የተጠየቀው ስለ ማረሻ፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ዘርና ስለ ትራክተር ነበር። መልሱም የብዙ ሰው ኑሮ ቀይሯል፤ የአንዳንዱን አሻሽሎ፣ የአንዳንዱን አፍርሶ። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካላልን በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ካዱ የሚባል ነገር

በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው በአርሲ ጠቅላይ ግዛት፣ በጭላሎ አውራጃ አንድ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት አቋቋሙ። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ካዱ» ይባላል። ዋና መሥሪያ ቤቱ አሰላ ነበር። ዓላማው አነስተኛውን ገበሬና ጭሰኛውን ማሳደግ ሲሆን፣ ዘዴው ደግሞ በዚያ ዘመን ቋንቋ «ፓኬጅ» ይባል ነበር፤ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ ምክርና ገበያ አንድ ላይ ተጠቅልለው የሚቀርቡበት።

የካዱ ሰዎች ያገኙትን ሁሉ ገበሬው ላይ አልጫኑም። ከአሰላ በቅርብ ርቀት የምትገኘው ቁሉምሳ የሙከራ ጣቢያ ሆነች። ዘሩ እዚያ ይዘራል፣ ማዳበሪያው በመጠን በመጠን ይሞከራል። ውጤት ያሳየው በሞዴል ገበሬዎች ማሳ ላይ ይታያል፤ ጎረቤት መጥቶ በዓይኑ ያያል። ብድሩ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያው የብድር ዘመን የተበደሩት 189 ገበሬዎች ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ 868 ሆኑ፣ ከዚያ 4,769፣ ከዚያም ከ14 ሺህ በላይ። ገበሬ አዲስ ነገር አይወድም የሚለው አባባል ሐሰት መሆኑን ከነዚህ ቁጥሮች በላይ የሚመሰክር የለም። የስንዴውን ልዩነት በማሳው ላይ ያየ ሰው ሰባኪ አላስፈለገውም።

ያልተወደደው ማረሻ

ካዱ የእርሻ መሣሪያም ያሻሽል ነበር፤ በበሬ የሚጎተት ማረሻ፣ መከስከሻና ጋሪ ሠርቷል። ማዳበሪያውና ዘሩ እንደዚያ ሲስፋፉ አዲሱ ማረሻ ግን አልተስፋፋም።

ለምን? የአገሬውን ማረሻ እንየው። ሞፈሩ፣ እርፉ፣ ድግሩና ቀንበሩ እንጨት ናቸው። ገበሬው ራሱ ይጠርባቸዋል። ብረቱን የሰፈሩ ቀጥቃጭ ይሠራዋል፣ ሲደንዝም ይስለዋል። ሥራው ሲያልቅ ማረሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለት ተራ በሬዎች ይጎትቱታል። በኢትዮጵያ በየጊዜው የተሞከሩት አፈር ገልባጭ የብረት ማረሻዎች በአንድ ትልም የተሻለ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ። ነገር ግን ከባድ ናቸው፣ በሬ ያደክማሉ፣ ዋጋቸው ውድ ነው፣ ሲሰበሩም የሰፈሩ ቀጥቃጭ አይጠግናቸውም። በዘር ወቅት መሃል ማረሻ የተሰበረበት ገበሬ ደግሞ «መለዋወጫው በሚቀጥለው ወር ይመጣል» ተብሎ አይጽናናም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው። አዲሱ ነገር የሚወዳደረው ከባዶ ጋር ሳይሆን ሰው ዛሬ ከሚጠቀምበት ነገር ጋር ነው፤ ጥገናው፣ ዋጋውና ልምዱ ሳይቀር ተደምሮ። ሦስት ቁልፍ በመንካት የሚያልቅን ጉዳይ ከኤአይ ረዳት ጋር በአሥር መልእክት እንድንጨርስ የሚያደርገን መተግበሪያ የከባዱ ማረሻ ታናሽ ወንድም ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሞት ከሆነ ደግሞ መንትያው ነው።

የሠራው ትራክተር

ይሁን እንጂ የጭላሎ ትልቁ ሐዘን የመጣው ካልሠራው መሣሪያ ሳይሆን ከሠራው ነው።

ካዱ ትራክተር አላስፋፋም። ለአነስተኛ ገበሬ አይሆንም ብሎ የበሬ መሣሪያ ላይ ነበር ያተኮረው። ነገር ግን ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ስንዴን አትራፊ አደረጉት። መሬቱ ሲያተርፍ ባለመሬቱ ማሰብ ጀመረ፦ «ከጭሰኛዬ ሲሶ ወይም እኩል ከምቀበል ራሴ ባርሰውስ?» በዚያ ላይ መንግሥት የእርሻ መኪናና ነዳጅን ከቀረጥ እፎይ አሰኝቶ ነበር። ትራክተሮቹ መጡ። ትራክተር የገባበት ማሳ ጭሰኛ አያስፈልገውምና በርካታ ቤተሰቦች ለዓመታት ካረሱት መሬት ተነቀሉ። ያልተነቀሉትም ኪራይ ተጨመረባቸው።

ልብ በሉ፤ ዘሩ ሠርቷል፣ ማዳበሪያው ሠርቷል፣ ትራክተሩም ሠርቷል። ምርትም ጨምሯል። በወረቀት ላይ ሁሉም ያማረ ነው። የጠፋው ጥያቄ «ሲሠራ የሚጠቀመው ማን ነው? የሚወጣውስ ማን ነው?» የሚለው ነበር።

ብድሩም ላይ ተመሳሳይ እንቅፋት ነበር። ጭሰኛ ከካዱ ለመበደር ከባለመሬቱ ጋር የተፈራረመበት የኪራይ ውል ማቅረብ ነበረበት። ሐሳቡ ለጭሰኛው ዋስትና ለመስጠት ነው። በተግባር ግን የብድሩ በር ቁልፍ በባለመሬቱ እስክሪብቶ ውስጥ ገባ። ዛሬ በስልክ ብድር የሚሰጥ፣ ተበዳሪን በኤአይ የሚመዝን መተግበሪያ ለመሥራት የምታስቡ ልጆች ይህቺን አንቀጽ ሁለት ጊዜ አንብቧት። በስልክ ብዙ ገንዘብ ያላንቀሳቀሰ ሰው ሁሉ «አደገኛ ተበዳሪ» ከተባለ፣ ድሮም በር ላይ የነበረው ሰው አሁንም በር ላይ ነው። ልዩነቱ የሚጮኽበት ባለመሬት እንኳ ማጣቱ ነው።

ለካዱ ሰዎች ፍትሐዊ እንሁን። የትራክተሩን ጉዳት ራሳቸው አጥንተው ጽፈዋል፣ ብድሩንም ከትልልቅ ባለመሬቶች ለማራቅ ደንባቸውን ለውጠዋል። የመሬት ይዞታውን ሕግ መለወጥ ግን በእጃቸው አልነበረም። ተማሪዎች በ1965 «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡለት ጥያቄ መልስ ያገኘው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ነው። ለተነቀለው ጭሰኛ ግን ያ ቀን ዘግይቷል።

ዘር ያረጃል

ሦስተኛው ትምህርት ከስንዴው ራሱ ይመጣል። በ1974 የተለቀቀው «እንቆይ» የተባለ ዝርያ ለረዥም ጊዜ ገበሬውን አገለገለ። በ1993 እና 94 ግን የግንድ ዋግ መታው። በ2005 የተለቀቀው «ዲገሉ» ደግሞ፣ ስሙን ከአርሲ ምድር የወሰደው፣ በ2013 እና 14 አዲስ የዋግ ዘር መጥቶ በአርሲና በባሌ አወደመው። ዝርያው አልተለወጠም፤ የተለወጠው በዙሪያው ያለው ዓለም ነው። ቁሉምሳ ዛሬም ሥራ ያልፈታችው ለዚህ ነው።

የኤአይ ሞዴልም እንዲሁ ነው። በአምና መረጃ የሠለጠነ ሞዴል የዘንድሮውን በሽታ ላያውቅ ይችላል፤ ይባስ ብሎ አላውቅም አይልም። ስለዚህ «እንሥራው?» ብሎ የጠየቀ ሁሉ «በሦስተኛው ዓመት ማን ይጠብቀዋል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። መልስ ከሌለ ባይሠራ ይሻላል።

ምን ዓይነቱ ይሠራ ታዲያ? ከዚያው ከስንዴ ምሳሌ አለን። በኢትዮጵያ የስንዴ ዋግን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት አለ። የማሳ ቅኝትን፣ የአየር ትንበያንና የዋጉ ዱቄት በንፋስ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሰላ ሞዴልን አጣምሮ ዋግ የሚያሰጋቸውን አካባቢዎች ይጠቁማል። ጥቅሙ ስሌቱ ስለረቀቀ አይደለም። ማስጠንቀቂያው በጊዜ ከደረሰ የሚደረግ ነገር ስላለ ነው፦ መድኃኒት ማዘጋጀትና መርጨት። በ2014 የተጀመረው የገበሬዎች 8028 የስልክ መስመርም እንዲሁ፤ ዘመናዊ ስልክ ሳይጠይቅ በተራ ስልክ፣ ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ፣ አፋን ኦሮሞን ጨምሮ፣ ምክር ያሰማል። ማንም «ድንቅ ቴክኖሎጂ» ብሎ አያጨበጭብለትም። ግን ይደወልለታል።

እና ምን እንበል?

ከአሰላ የምንወስዳቸው ጥያቄዎች አራት ናቸው። ሰውየው ዛሬ ከሚጠቀምበት ይሻላል ወይ? መልሱን ሲያገኝ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ ወይ? ሲበላሽና ሲያረጅ ማን ይጠግነዋል? ሲሳሳት፣ ወይም በጣም ሲሳካ፣ ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። የስንዴ ቅጠል ፎቶ አይቶ «በሽታ የለበትም» ያለ መተግበሪያ ቢሳሳት፣ የሠራው ልጅ ቀጣዩን እትም ያወጣል። ገበሬው ግን የሚቀጥለውን መኸር ይጠብቃል፣ እስከዚያ የሚበላው ካለው። ስለዚህ እንዲህ ያለው መተግበሪያ እርግጠኛ ባልሆነ ጊዜ «የልማት ሠራተኛውን አማክር» ማለትን ቀድሞ ይማር፤ ከሁሉ በፊት መሠራት ያለበት ክፍሉ እሱ ነው።

ፈሪ እንሁን ማለታችን አይደለም። የዚያን ጊዜዎቹ 189 ገበሬዎች ቢፈሩ ኖሮ አርሲ ዛሬ የስንዴ አገር ባልተባለች። የምንለው፣ ድፍረቱ ማሳው ላይ ተፈትኖ ይምጣ ነው። የሚፈተነው ደግሞ ገና ከጅምሩ ጭሰኛውን ጠርቶ፣ እሱንም ጠይቆ ይሁን።