የኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት፦ አወቃቀርና ተሐድሶ (ከባቲና ከከሚሴ አንጻር)

የኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት በዛሬው አሠራር ከ12ኛ ክፍል ፈተና በኋላ በዩኒቨርሲቲዎችና በኮሌጆች በመጀመሪያ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ዲግሪ ደረጃ የሚሰጥ ትምህርት ነው። በተለመደው ቆጠራ ታሪኩ የሚጀምረው በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ደርሰዋል። በአማራ ክልል የሚገኘው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን (ዋና ከተማው ከሚሴ፤ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 457,278 ሕዝብ) የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ አይደለም። ሆኖም ከከሚሴ ብዙም በማይርቀው ሾንኬ የነበረው የሸህ ጀውሃር ሐይደር የትምህርት ማዕከል፣ የአገሪቱ ከፍተኛ ትምህርት ከየት ይቆጠር በሚለው ክርክር ውስጥ ስሙ ይነሳል።

የአጀማመር ክርክር

የመንግሥት ሰነዶችና አብዛኞቹ የታሪክ መጻሕፍት መነሻውን 1943 ያደርጉታል። ይህን ዓመት የማይቀበሉ ጸሐፍት በዋናነት የሚጠቅሱት የቤተ ክርስቲያንን ጉባኤ ቤት ነው። በዚያ ሥርዓት ተማሪው በንባብ ቤት ፊደል ቆጥሮ ዳዊት ይደግማል፣ በዜማ ቤት ድጓ ይዘልቃል፣ ቅኔ ቤት ሲገባ ደግሞ የተቀበለውን ከመድገም አልፎ የራሱን መፍጠር ይጠበቅበታል። የመጨረሻው ደረጃ መጻሕፍት ቤት ነው፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት የሚተረጎሙት እዚያ ነው። ሁሉንም ለመዝለቅ ከ20 ዓመት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ተማሪው መምህር ፍለጋ አገር ለአገር መዞሩ፣ በየደረጃው መመስከሩና ሲያበቃ ወንበር መዘርጋቱ ከዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ጋር ያመሳስለዋል የሚሉ ብዙ ናቸው።

በወሎ ክርክሩ ሦስተኛ ወገን አለው፤ እሱም የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ናቸው። በአልቡኮ አካባቢ የጀማ ንጉሥን ማዕከል የመሠረቱት፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ያረፉት ሸህ ሙሐመድ ሻፊ፣ እንዲሁም የዳና፣ የጌታና የጫሊ ሸሆች ከሩቅ አገር ደረሳ (ተማሪ) የሚጎርፍላቸው መምህራን ነበሩ። በዛሬው ደዋ ጨፋ ወረዳ በኮረብታ ላይ በድንጋይ በተገነባችው የአርጎባ መንደር ሾንኬ ያስተማሩት ሸህ ጀውሃር (በግምት እ.ኤ.አ. 1837–1937) የዚሁ መስመር ሰው ናቸው።

የትምህርቱ አካሄድ ከቦታ ቦታ ቢለያይም መልኩ ይመሳሰላል። ልጁ ቁርኣን ቤት ገብቶ በእንጨት ሉህ ላይ ይጽፋል፤ የጻፈውን በቃሉ ሲይዝ ሉሁ ይታጠብና ቀጣዩ ክፍል ይጻፍበታል። ከቁርኣን ወደ ፊቅህ (ሕግ)፣ ከፊቅህ ወደ ነህው (የዐረብኛ ሰዋስው)፣ ከዚያም ወደ ተፍሲር (የቁርኣን ትርጓሜ)ና ወደ ሐዲስ (የነቢዩ ሙሐመድ ንግግሮች) ያልፋል። ትምህርቱ በክፍል ደረጃ አይደለም የሚለካው፤ በኪታብ (በመጽሐፍ) ነው። ደረሳው አንዱን ኪታብ አንዱ ሸህ ዘንድ ይጨርሳል፤ ቀጣዩን ሌላ ሸህ በተሻለ ያውቀዋል ከተባለ ጓዙን ሸክፎ ወደዚያ ይሄዳል። በየመንገዱ የሚያበላውና የሚያሳድረው የአካባቢው ሰው ነው። ሲበቃ ሸሁ ኢጃዛ ይሰጡታል፤ ኢጃዛ ያን ትምህርት ለሌላ ለማስተማር የሚያበቃ ፈቃድ ነው። የጽሑፍ ቅርሱም በዐረብኛ ብቻ የተወሰነ አልነበረም። የጫሊው ሸህ ጦልሐ ጃዕፈር መንዙማዎችን (መንፈሳዊ ግጥሞችን) በአማርኛ፣ በዐረብኛ ፊደል (አጀሚ) ጽፈዋል።

ይህን ከፍተኛ ትምህርት ብሎ መጥራትን የሚቃወሙ ወገኖች ሦስት ነገር ያነሳሉ፦ ዲግሪ የለውም፣ የተወሰነ የትምህርት ዘመን የለውም፣ ማዕከሉ ሃይማኖት ነው። የመጀመሪያው መከራከሪያ በኢጃዛ ይፈተናል። ሦስተኛውም ቢሆን በመካከለኛው ዘመን የነበሩትን የፓሪስና የኦክስፎርድን ነገረ መለኮት አስተማሪዎች ሳይቀር ከታሪኩ የሚያስወጣ ነው። ለንጽጽር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የካይሮው አል አዝሃር ነው። ከ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያስተምር የነበረው ይህ ተቋም ሕክምናና ምህንድስና ጨምሮ በግብፅ ሕግ ዘመናዊ ዩኒቨርሲቲ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው፤ የአዲስ አበባው ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገውም በዚያው ዓመት ነው። ሆኖም የአል አዝሃርን ዕድሜ ከ1961 የሚቆጥር የለም። በአል አዝሃር ውስጥ ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ለሚመጡ ሙስሊም ተማሪዎች የተለየ «ሪዋቅ አል ጀበርቲያ» የሚባል ማደሪያ ነበር። ታዋቂው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊ አብድ አል ራሕማን አል ጀበርቲ የዘር ሐረጉን ከዚህ ማኅበረሰብ ይመዝዛል። ይህም የቀንዱ አገር የእስልምና ትምህርት ከውጭው ዓለም ጋር የተሳሰረ እንደነበር ያሳያል። በዚህ መጣጥፍ 1943 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መነሻ ሆኖ ተይዟል፤ የትምህርቱ መነሻ ግን ተደርጎ አልተወሰደም።

ዘመናዊው አጀማመር

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የመጀመሪያ ኃላፊ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ሉሲዬን ማት ነበሩ። ኮሌጁ ታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ (የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ) ሲሆን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ሰጥተዋል። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ትብብር፣ የጎንደር ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1963 ተቋቁመዋል። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በገጠር የሚያገለግሉበት የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ።

ከ1967 እስከ 1983

ታኅሣሥ 1967 በተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60 ሺህ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማርተዋል። የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን በ1969 ዓ.ም. ተቋቋመ። ዓለማያ በ1977 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

መስፋፋት

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የዘመኑ መሠረት ሰነድ ነው። በ1992 ዓ.ም. የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክና የከተማዋ የመምህራን ኮሌጅ ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ መቀሌ፣ ጅማና ደቡብ (ኋላ ሐዋሳ) በዚያው ሰሞን ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል። ቀጥሎ በ1990ዎቹ መጨረሻ 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ዘመቻ ተገነቡ። ሕንፃው ከመምህሩ ቀድሞ መድረሱ ይህን ዘመን በሚገመግሙ ጽሑፎች የሚደጋገም ቅሬታ ነው፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ያላቸው ወጣቶች የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ያስተማሩባቸው ዓመታት ነበሩ።

በ1996 ዓ.ም. የአብዛኛው ዲግሪ ቆይታ ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። በ2001 ዓ.ም. ከመቶ ተማሪ 70ው በተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ተወሰነ። የሦስት ዓመቱ ዲግሪ በ2012 ዓ.ም. ወደ አራት ተመልሷል፤ የመጀመሪያው ዓመትም እንደ ጥንቱ ፍሬሽማን ተብሏል።

አወቃቀር

ዘርፉን ሦስት አዋጆች ተከታትለው አስተዳድረውታል፦ ቁጥር 351/1995፣ ቁጥር 650/2001 እና ቁጥር 1152/2011። እያንዳንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቦርድ፣ ፕሬዚዳንትና ሴኔት አለው። ጥራትን የሚቆጣጠረውና ለግል ተቋማት ፈቃድ የሚሰጠው አካል የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። በ2011 ዓ.ም. የተቋቋመው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር ተመልሷል። በ2013 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር፣ የአፕላይድ ሳይንስና አጠቃላይ ተብለው ተለይተዋል።

ተማሪ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአብዛኛው የሚገባው በሚኒስቴሩ ምደባ ነው። ምርጫውን ይሞላል፤ ውጤቱና የቦታ ብዛት ይወስናሉ። በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ያለችው የባቲ ልጅ ደሴ ሊደርሰው ይችላል፤ ጅማም ሊደርሰው ይችላል።

ወጪ መጋራት

ከ1996 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ተማሪው የምግብና የማደሪያውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። በአብዛኛው በእጁ አይከፍልም፤ ውል ይፈርማል፣ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ ይቆረጣል። ተመራቂ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ሲጠይቅ «ኮስት ሼሪንግ ጨርሰሃል?» የሚባለው ከዚህ የተነሳ ነው። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው በጀት ለዓመታት 15 ብር ነበር፤ በኋላ 22 ብር፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 100 ብር ሆኗል።

የማስተማሪያ ቋንቋ

የዩኒቨርሲቲው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። በዞኑ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ (በላቲን ፊደል) ይሰጣል፤ አማርኛ እንደ አንድ ትምህርት ይገባል፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ «ሄሬጋ» ብሎ የጀመረው ትምህርት በአማርኛ መጽሐፍ «ሒሳብ»፣ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ «ማትስ» ይሆንበታል። የሰኞ ገበያዋ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን በምታገናኘው ባቲ ቋንቋ መቀያየር አዲስ ነገር አይደለም፤ ጨው የሚሸጠውና በርበሬ የሚገዛው ሦስት ቋንቋ አደባልቀው ዋጋ ይጨርሳሉ። መድረሳ የሚሄድ ልጅ ቁቤን ከመቁጠሩ በፊት የዐረብኛ ፊደል ሊለይ ይችላል፤ ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ በሦስት ዓይነት ፊደል ያነባል። ይህ በፈተና አይለካም። የ12ኛ ክፍል የመልቀቂያ ፈተና በእንግሊዝኛ ይቀርባልና፣ ተማሪው ጥያቄውን ሳይሆን የጥያቄውን ቋንቋ ሊስተው ይችላል።

ከ2010 ወዲህ ያለው ተሐድሶ

በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ለውይይት የቀረበው የትምህርትና ሥልጠና ፍኖተ ካርታ የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና እንዲቀርና የዩኒቨርሲቲ መግቢያ እንዲጠብቅ መንገድ ከፈተ። ከሁሉም በላይ የታወቀው ለውጥ ግን የመጣው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው። የ2014 ተፈታኞች ኩረጃን ለመከላከል ሲባል ከየወረዳው ተጓጉዘው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ተፈተኑ፤ የማለፊያ ነጥብም 50 በመቶ ተደረገ። ውጤቱ አገር አስደነገጠ፤ ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። በ2015ቱ ፈተና 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ለነጥቡ ለተቃረቡት አቅም ማሻሻያ (ሬሜዲያል) የተባለ ትምህርት ተዘጋጀ። በአሥርት ዓመታት የተገነቡት የመማሪያ ክፍሎች የሚገባባቸው ተማሪ ያነሳቸው በዚህ ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ወንፊት የመውጫ ፈተና ነው። በሕግ ትምህርት ቀደም ብሎ የነበረው ይህ ፈተና ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ተሰጠ። ከ150,184 ተፈታኞች 61,054ቱ (40.65 በመቶ) አለፉ፤ ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ፣ ከግል 17.2 በመቶ።

ሦስተኛው ለውጥ ራስ ገዝነት ነው። በ2015 ዓ.ም. አዋጅ ወጣ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኖ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ደጋፊዎች የአካዳሚ ነፃነትን ተስፋ ያደርጋሉ። ተቺዎች በበኩላቸው የክፍያ ሸክሙ የደሃ ልጅ ላይ ይወድቃል ብለው ይሰጋሉ፤ ከ40 በላይ መምህራን በ1985 ዓ.ም. ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ መሰናበታቸውንም እያነሱ፣ ነፃነት በአዋጅ ብቻ እንደማይጸና ያስታውሳሉ።

በዞኑና በአካባቢው

በከሚሴ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ፤ ለአፋን ኦሮሞ ትምህርት ቤቶች መምህራን ያሠለጥናል። ለዲግሪ ቅርቡ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዋናው ግቢ ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ይገኛሉ። ኮምቦልቻ ከባቲ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወደ አካባቢው ሲደርስ የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ተዘርፈዋል፤ ቤተ ሙከራዎችና ኮምፒዩተሮች ጠፍተዋል፣ ወድመዋልም። ደሴና ኮምቦልቻ ወደ መንግሥት እጅ የተመለሱት በኅዳር መጨረሻ ነው።

የግል ተቋማት

የግል ተቋማት ከ1990ዎቹ ጀምሮ ተስፋፍተዋል። ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

የጥናት ሁኔታ

ስለ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በቁጥር የተደገፈ ሰነድ በብዛት አለ። ስለ ወሎ የእስልምና ማዕከላት በስፋት የጻፉት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ሁሴን አሕመድ ናቸው፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና ያሳተሙት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ሲሆን፣ ስለ ሾንኬው ሸህ ጀውሃርም ለብቻው ጽፈዋል። የሾንኬን ደረሶች ከከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ውጭ ያስቀረው ቆጠራ በ1943 ከተከፈተው ተቋም ይነሳል፤ ታሪካቸው ተጽፎ የተገኘውም እዚያው ተቋም ውስጥ ነው።