ግፊት፣ ኦክስጅንና እንቅልፍ፦ ከከፍታ የተነሣ የሕክምና ታሪክ



ሲሪንቃ ከባሕር ጠለል በላይ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊትም ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ከዚህ ተነሥቶ «እንቅልፍ የሚነሣን የኦክስጅን እጥረት ነውና በግፊት ክፍል ገብተን ብንተነፍስ እንድናለን» ማለት ቀና ይመስላል። ታሪኩ ግን ጥንቃቄን ያስተምራል።

እ.ኤ.አ. በ1918 እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ወረርሽኝ ዓለምን ሲያዳርስ፣ አሜሪካዊው ሐኪም ኦርቫል ከኒንግሃም በከፍታ ቦታዎች ብዙ ሰው መሞቱን አስተውሎ ምክንያቱን በአየር ግፊት ማነስ ላይ ጣለው። ሕሙማንን በታመቀ አየር ያክም ጀመር፤ ሕክምናውንም ለስኳር፣ ለቂጥኝና ለካንሰር ሳይቀር አዋለው። በ1928 በክሊቭላንድ ግዙፍ የብረት ሉል ሆስፒታል ተሠራለት። የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር ማስረጃ ቢጠይቀው ግን አላቀረበም። ሉሉ በ1942 ለብረቱ ሲባል ፈረሰ።

ሌሎች በሙከራ ተጉዘዋል። ፈረንሳዊው ፖል ቤር በ1878 በከፍተኛ ግፊት የሚሰጥ ኦክስጅን ራሱ መርዝ እንደሚሆን አሳየ። ጆን ስኮት ሃልደን ደግሞ በ1895 ካርቦን ሞኖክሳይድ የምትተነፍስ አይጥ በሁለት እጥፍ ግፊት ኦክስጅን ውስጥ በሕይወት እንደምትቆይ አረጋገጠ። ይህ ጋዝ በተዘጋ ቤት ከከሰል የሚወጣውና የተኛን ሰው ሳይነቃ የሚገድለው ነው። በተራ አየር በደም ውስጥ ያለው ጋዝ በግማሽ እስኪቀንስ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በሦስት እጥፍ ግፊት ንጹሕ ኦክስጅን ግን ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ይበቃል። እዚህ ላይ ጉድለቱም መድኃኒቱም ተለይተው ታውቀዋል።

የእንቅልፍ ማጣት ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በስሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው፣ የደማቸው የኦክስጅን መጠን በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አገኙት። እንግዲህ የከፍታ ነዋሪ ሁሉ ኦክስጅን ይጎድለዋል ብሎ መነሣት ስሕተት ነው። በዘርፉ የሚሠራው የአሜሪካ ማኅበርም እንቅልፍ ማጣትን ሕክምናው ከሚሰጥባቸው ሕመሞች ዝርዝር አላስገባም፤ የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ለሥር ሰደድ እንቅልፍ ማጣት ያስቀደመው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምናን ነው።

ስለዚህ እንቅልፍ ያጣ ሰው መሣሪያ ከመፈለጉ በፊት ምን እንደጎደለው ይመርመር። ከሰል አንድዶ የሚተኛ ቤተሰብ ግን ምርመራ አያሻውም፤ ከመኝታ በፊት ምድጃውን ወደ ውጭ ያውጣ።