ስፌቱ ካለቀ በኋላ የሚቀር ጥያቄ

ከወግዲ ገጠር ለቀናት ያማጠች ሴት አስቡ። የሕፃኑ ጭንቅላት ፊኛዋን ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ይጫነዋል፤ ደም ያጣው ሥጋ ሞቶ ቀዳዳ ይተዋል። ፊስቱላ ማለት ይሄ ነው። ሽንት ያለማቋረጥ ይፈሳል፤ ትዳርም ይናጋል።

እነ ዶክተር ካትሪን ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ መጡ፤ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ። እኔ መሐንዲስ ስለሆንኩ «ቀዳዳው ከተደፈነ አለቀ» ልል እችል ነበር። ግን አላለቀም። ከባሏ ጋር መቼ መተኛት እንደምትችል ማን ይንገራት? ስፌቱ እስኪጠና ወራት መታገስ ያስፈልጋል፤ ካልነገሯት ቁስሉ ዳግም ሊከፈት ይችላል።

በ1976 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጃክ አኖን አንድ መላ አቀረበ፦ መጀመሪያ ለታካሚው የመናገር ፈቃድ ስጡ። ዛሬ ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶችም ይሠሩበታል። ቀላል ነው፦ «እህቴ፣ ስለ ትዳርሽ የሚያሳስብሽ ነገር አለ?»

አያችሁ፣ እሷ አፍራ ዝም ስትል ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ባለሙያው ነው።