ሽለላ በኤሌክትሪክ ጊታር፤ የጋሽ ጌታቸው መኩሪያና የ‹‹ዘ ኤክስ›› ጥምረት

በሮክ ሙዚቃ ዓለም አንድ የቆየ ልማድ አለ። በየባንዳቸው ስም ያተረፉ ሙዚቀኞች ዋና ሥራቸውን ለጊዜው አቆይተው፣ ከሌላ ቤት ከመጡ አቻዎቻቸው ጋር ተቧድነው አንድ፣ ሲበዛ ሁለት አልበም ይሠሩና ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 ጆርጅ ሃሪሰን፣ ቦብ ዲላን፣ ቶም ፔቲ፣ ሮይ ኦርቢሰንና ጄፍ ሊን ‹‹ትራቭሊንግ ዊልበሪስ›› ብለው ያቋቋሙት ቡድን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አምስቱም በአልበሙ ላይ የቀረቡት በገዛ ስማቸው ሳይሆን በፈጠራ ስም ነበር። ዝና የከበደው ሰው አንዳንዴ ስሙን አውልቆ መቀመጥ ያምረዋል መሰለኝ።

ከእንዲህ ዓይነቶቹ ጥምረቶች አንዱ ግን በእኛ አገር ሰው መሪነት የተሠራ ነው። ስለ እሱ በአማርኛ ብዙ ሲጻፍ አላየሁም፤ ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ይህችን ታሪክ ላውጋችሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ በ1935 በይፋት ተወለዱ። የመጀመሪያ መሣሪያዎቻቸው ክራርና ማሲንቆ ነበሩ፤ ከዚያ ወደ ክላርኔት፣ ቀጥሎም ወደ ሳክስፎን ተሻገሩ። በ1949 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ሥራ ጀመሩ፤ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወሩ። በአጭሩ፣ የዘመኑ ሙዚቀኛ የሚያልፍበትን የተቋማት በር ሁሉ አልፈዋል። ከእኩዮቻቸው የለያቸው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሽለላን በሳክስፎን መጫወታቸው።

ሽለላ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ እንግዳ አይደለም። ከቀረርቶና ከፉከራ ጋር የጦር ሜዳ ሥነ ቃላችን አንዱ ዘርፍ ነው። ጦረኛው ከዘመቻ በፊት ወኔ ይቀሰቅስበታል፤ ከድል በኋላ ግዳዩን ይቆጥርበታል። ሲያነቡት ግጥም ነው፤ ሲሰሙት ግን ከግጥም የሚተርፍ ብዙ ነገር አለው። ትንፋሹ ይረዝማል፣ ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ሸላዩ ድንገት ቆም ይልና እንደገና ይገነፍላል። ሰብሳቢዎች ሽለላን ወደ መጽሐፍ ሲያስገቡ ቃሉ ይቀራል፣ ትንፋሹ ይጠፋል። ጋሽ ጌታቸው የዚህን ግልባጭ አደረጉ፤ ቃሉን ትተው ትንፋሹን ወሰዱ። በመድረክ ላይም እንደ ጥንቱ አርበኛ የአንበሳ ጎፈር ደፍተው፣ ለምድ ደርበው ይታዩ ነበር።

የውጭ አገር ሐያስያን ይህን አነፋፍ ሲሰሙ የአሜሪካኖቹን የኦርኔት ኮልማንንና የአልበርት አይለርን ስም ያነሣሉ። መመሳሰሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ጋሽ ጌታቸው ያን ጩኸት ያገኙት ከኒው ዮርክ ሸክላ ሳይሆን ከሸላዩ ጉሮሮ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፊሊፕስ የሳክስፎን ሥራቸውን በሸክላ አሳተመ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ግን ሰዓት እላፊው የከተማውን የሌሊት ሙዚቃ አፈነው፤ ያ ሸክላም ከጥቂት ሰብሳቢዎች እጅ በቀር ተረሳ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1997 ‹‹ኢትዮፒክስ›› የተሰኘውን ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ማውጣት ጀመረ፤ የ2003ቱ 14ኛ ቅጽ ሙሉ በሙሉ የጋሽ ጌታቸው ነበር። ርእሱም ‹‹የኢትዮጵያ ሳክስፎን ንጉሥ›› የሚል ትርጉም አለው።

አሁን ወደ ሆላንድ እንሻገር። ‹‹ዘ ኤክስ›› በ1979 የተመሠረተ የፐንክ ባንድ ነው። የሥርዓት አልበኝነትን ፍልስፍና የሚያራምዱ፣ ከትልልቅ ኩባንያዎች ርቀው ሸክላቸውን ራሳቸው የሚያሳትሙ፣ ጊታራቸው እንደ ብረታ ብረት ፋብሪካ የሚንኳኳ ሰዎች ናቸው። ከሌላ ዓይነት ሙዚቀኛ ጋር መሥራት ለእነሱ አዲስ አልነበረም፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከአሜሪካዊው የቼሎ ተጫዋች ከቶም ኮራ ጋር ሁለት አልበም ሠርተዋል። በ2002 ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው ተጫውተዋል።

በ2004 ባንዱ 25ኛ ዓመቱን በአምስተርዳም ሲያከብር ጋሽ ጌታቸው በእንግድነት ተጠሩ። እዚያ የተጫወቱት ከ‹‹ዘ ኤክስ›› ጋር ሳይሆን አይ.ሲ.ፒ. ከተባለው የሆላንድ የጃዝ ኦርኬስትራ ጋር ነበር። ጋባዦቻቸውን ግን በመድረክ ላይ አዩአቸው፣ ሰሙአቸው። ከዚያ በኋላ የሆነው የታሪኩ እምብርት ነው። ወደ 70 ዓመት የተጠጉት አዛውንት፣ ለቀጣዩ አልበማቸው አጃቢ እንዲሆኑ ፐንኮቹን ጠየቁ። የታወቀው ታሪክ የውጭ አገር ሙዚቀኛ አፍሪካ ድረስ መጥቶ አንድ አዛውንት ‹‹የሚያገኝበት›› ነው። እዚህ ግን መራጩ አዛውንቱ ናቸው።

አልበሙ በ2006 ወጣ፤ አሳታሚው የጊታር ተጫዋቹ የቴሪ ሄሰልስ ‹‹ቴርፕ›› ነው። ከባንዱ አባላት ሌላ ክላርኔቲስቱ ዣቪዬ ሻርል፣ ሳክስፎኒስቱ ብሮዲ ዌስት፣ ትሮምቦኒስቱ ዮስት ባውስና ቤዝ የያዘው ኮሊን ማክሊን ተጨመሩ። በሽፋኑ ላይ የጌታቸው መኩሪያ ስም ቀደመ፣ ‹‹ዘ ኤክስ›› ተከተለ። ርእሱም ‹‹ሞዓ አንበሳ›› ሆነ። ዘውድንም ሹመትንም የማይወዱ ሰዎች የሰሎሞናዊ ነገሥታትን ማዕረግ በሽፋናቸው ላይ አትመው፣ የሳክስፎኑን ‹‹ንጉሥ›› አጅበው ዞሩ! በነሐሴ 2008 የኒው ዮርኩ ሊንከን ሴንተር ማሕሙድ አሕመድንና ዓለማየሁ እሸቴን ጭምር ባቀረበበት መድረክ ላይ አብረው ቆሙ፤ ጋሽ ጌታቸው ያን ጊዜ 73 ዓመታቸው ነበር።

ጥምረቱ ለምን ሠመረ? መልሱ በሽለላው ባህል ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሽለላ ብቻውን አይቆምም። ሸላዩ አውራጅ ከሆነ፣ ዙሪያውን የከበበው ሰው ተቀባይ ነው፤ ያጨበጭባል፣ ‹‹በለው!›› ይላል፣ አንዱን ነገር እየደጋገመ ሸላዩ የሚረግጠውን መሬት ይደለድልለታል። አልበሙን ስትሰሙ የካተሪና ቦርነፌልድ ከበሮ አይቅበዘበዝም፤ ጊታሮቹም አጭር ሐረግ ይዘው ደጋግመው ይመታሉ። ፐንክ ከጥንት የሚያውቀው ድግግሞሽ ተቀባይ ሆኖ ተገኘ። ‹‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር›› ይባላል፤ እዚህ ድሩ ያበረው አንበሳውን ለማሰር አልነበረም።

የጊታሮቹ ሸካራነት የሚጎረብጠው ሰው ይኖራል። የሳክስፎን ትዝታ ለብዙዎቻችን የካፌ ሙዚቃ ነው፤ ከማኪያቶ ጋር ዝግ ብሎ የሚንቆረቆር። እኔ ግን ይህን አልበም የምሰማው ሳሪስ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከባንክ ስወጣ፣ ወደ ቃሊቲ የሚወርዱ ከባድ መኪኖች መንገዱን እያንቀጠቀጡት ነው። በዚያ ጩኸት መሐል የተለሳለሰ ሙዚቃ አይሰማም፤ ይህኛው ይሰማል። ሽለላም ሲፈጠር ለጸጥታ አልተፈጠረም።

በሙያዬ ሒሳብ አመሳካሪ ነኝና ማን ከማን ተበደረ ብዬ መጠየቄ አልቀረም። ‹‹ዘ ኤክስ›› አዲስ ዜማ አገኙ፤ ጋሽ ጌታቸው በስተርጅና የዓለም መድረክ አገኙ። በ2012 ‹‹ያንበሳው ትዝታ›› የተባለውን ሁለተኛ አልበም አከሉ። በመካከላቸው ሒሳቡ የተዘጋ ይመስለኛል። ያልተወራረደው የእኛ ነው። ከማዘጋጃ ቤት እስከ ፖሊስ ኦርኬስትራ በገዛ ከተማችን ሲነፉ ለኖሩት ሰው፣ በስተርጅናቸው አልበም ያሳተመላቸው የሆላንድ ፐንክ ነው። ጋሽ ጌታቸው ሚያዝያ 4 ቀን 2016 በ81 ዓመታቸው አረፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። የቃል ሽለላ ሁልጊዜ ጠላት አለው፤ የሚገደል፣ የሚዋረድ፣ ስሙ የሚጠራ። በእኛ ዕድሜም ሽለላ ወንድም በወንድሙ ላይ ሲዘምት ተሰምቷል። የጋሽ ጌታቸው ሽለላ ግን ቃል የለውምና የሚጠራው ጠላትም የለውም። ወኔው እንዳለ ነው፤ ቁጣውና ኩራቱም እንዳሉ ናቸው። ጦርነት የማይወዱ የባዕድ አገር ሰዎች ሳይሳቀቁ ሊቀበሉት የቻሉትም ለዚህ ይመስለኛል። በቃል የምንጽፍ እኛስ፣ ማንንም የማይገድል ፉከራ መጻፍ እንችል ይሆን? መልስ ያለው አንባቢ ቢጽፍልኝ ደስ ይለኛል።