ክበባቱ ወዴት ወሰዷት? የሞተን ትምህርት ቤት የ1950/51 ዓመት

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ጸሐፊ ነበርኩ። በዕረፍት ሰዓት ዜና እናነባለን፣ ግጥም እናቀርባለን፣ የጠፋ ደብተር እናስነግራለን። ቃለ ጉባኤ መያዝ ሁልጊዜ የእኔ ድርሻ ነበር፤ ያኔ እንደ ቅጣት ነበር የምቆጥረው። ዛሬ በወጣቶች ኅብረት ሳስተምር "ክበብ ጊዜ ከማባከን በቀር ምን ይጠቅማል?" የሚለኝ ተማሪ አይጠፋም። እኔም የአንድ ትምህርት ቤት የአንድ ዓመት ታሪክ እነግረዋለሁ። ታሪኩ የሆነው በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ ፋርምቪል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1950/51 የትምህርት ዘመን ነው። ቀኖቹን ሁሉ በእነርሱ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

በዚያ ዘመን በቨርጂኒያ ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት እንዲማሩ ሕግ አይፈቅድም ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1896 መለያየትን የፈቀደው አገልግሎቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ነው። መለያየቱ ተፈጸመ፣ እኩልነቱ ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። የጥቁሮቹ የሞተን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ1939 ሲከፈት ለ180 ተማሪዎች ታስቦ የተሠራ ነበር። በ1950 ተማሪዎቹ ከ450 በላይ ሆነዋል። ጂምናዚየም የለም፣ ካፍቴሪያ የለም፣ ቤተ ሙከራ የለም። የካውንቲው ትምህርት ቦርድ መፍትሔ ብሎ በግቢው ያቆመው በሬንጅ ወረቀት የተሸፈኑ ሦስት የእንጨት ቤቶችን ነው። አላፊ አግዳሚው የዶሮ ቤት ይመስሉት ነበር። በብርዱ ወራት ከብረት ምድጃው አጠገብ የተቀመጠ ይጠበሳል፣ ከዳር ያለው ካፖርቱን ሳያወልቅ ይማራል። ሲዘንብ ጣሪያው ያፈስሳል። ቦታ ያጡ ክፍሎች በአዳራሹ ውስጥ ጎን ለጎን ይማሩ ነበር፤ በቆመ አውቶቡስ ውስጥ የተማሩም ነበሩ።

እንዲህም ሆኖ ክበባቱ ሕያው ነበሩ። መዘምራን፣ ድራማ፣ የክርክር ቡድን፣ የተማሪዎች ምክር ቤት፣ ደግሞም በጥቁር ትምህርት ቤቶች ለቤት አያያዝ ተማሪዎች የተቋቋመው የልጃገረዶች ማኅበር ነበሩ። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ባርባራ ጆንስ ከእነዚህ በብዙዎቹ ውስጥ ነበረች። አባቷ ትምባሆ የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው፤ እርሷ የአምስት ልጆች ታላቅ ናት፤ ዝምተኛ ነበረች ይላሉ። ክበብ ባይኖር ኖሮ ከእርሻና ከትምህርት ቤት መንገድ ውጭ የምታየው ብዙ አልነበረም። የመዝሙርና የውድድር ጉዞዎቹ ግን ወደ ሌሎች ከተሞች ወሰዷት፤ በዚያም ከሞተን እጅግ የተሻሉ የጥቁር ትምህርት ቤቶችን አየች። በእኔ ግምት የዓመቱ ትልቁ ክስተት ይህ ነው። ድህነትን የለመደ ሰው ሌላውን እስኪያይ ድረስ የራሱን ቤት ቤት ብሎ ይኖራል።

ባርባራ ብሶቷን ለሙዚቃ መምህርቷ ለኢኔዝ ዳቨንፖርት ነገረቻቸው። መምህርቷ "ታዲያ ለምን አንድ ነገር አታደርጊም?" የሚል መልስ ሰጧት። ልጅቷ መጀመሪያ የተናቀች መሰላት፤ ነገሩ ግን ከልቧ አልወጣም። ከዕለታት አንድ ቀን ታናናሾቿን አጣድፋ ለአውቶቡስ ካደረሰች በኋላ የራሷን ምሳ መርሳቷን አወቀች። ቤት ደርሳ ስትመለስ አውቶቡሱ ሄዷል። መንገድ ዳር ቆማ ሳለ ነጭ ተማሪዎችን የጫነ፣ ግማሹ ባዶ የሆነ አውቶቡስ አጠገቧ አልፎ ሄደ። አንድ ነገር ማድረግ እንዳለባት የወሰነችው ያን ቀን እንደሆነ በኋላ ተናግራለች።

ከዚህ በኋላ ያለው አሠራር የክበብ ልጅ አሠራር ነው። የተማሪዎች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት የነበረችውን ካሪ ስቶክስን፣ መንትያ ወንድሟን ጆንን እና ጥቂት የታመኑ ልጆችን በስፖርት ሜዳው መቀመጫ ላይ ሰብስባ አሳቧን አካፈለች። ወዲያው አድማ አልመቱም። እኛ ወመህ የምንለው የወላጅ መምህራን ኅብረት አዲስ ሕንፃ እንዲሠራ ቦርዱን እየጠየቀ ነበር፤ ሰብሳቢው የፈርስት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ፍራንሲስ ግሪፈን ነበሩ። ተማሪዎቹ ታላላቆቻቸው የጀመሩት ከተሳካ ይሳካ ብለው ወራት ጠበቁ። ርዕሰ መምህሩ ቦይድ ጆንስና ወላጆች በየወሩ ቦርዱ ፊት ይቀርባሉ፤ ቦርዱ በየወሩ ይታሰብበታል ይላል። በመጨረሻ "ስትፈለጉ እንጠራችኋለን" ተባሉ። ወጣቶች ሆይ፣ ይህን ክፍል ዘልላችሁ ወደ አድማው ባትሮጡ ደስ ይለኛል።

ሰኞ ሚያዝያ 23 ቀን 1951 (በእኛ ሚያዝያ 15 ቀን 1943) ረፋድ ላይ ርዕሰ መምህሩ ስልክ ተደወለላቸው። ሁለት ተማሪዎችዎ በአውቶቡስ ጣቢያ ከፖሊስ ጋር ችግር ገጥሟቸዋል ተባሉና ፈጥነው ወጡ። ወሬው ሐሰት ነበር። ወዲያው በእርሳቸው የፊርማ ልማድ የተፈረመ ወረቀት በየክፍሉ ዞሮ ሁሉም ወደ አዳራሽ ተጠራ። መጋረጃው ሲከፈት መድረኩ ላይ የታየው ርዕሰ መምህሩ ሳይሆን ባርባራና የተማሪዎቹ ኮሚቴ ነው። መምህራኑ እንዲወጡ ጠየቀች፤ ጫማዋን አውልቃ አግዳሚውን ደበደበችና መናገር ጀመረች። ዝምተኛዋ ልጅ ማለት ናት! አዲስ ሕንፃ እስኪሠራ ድረስ ክፍል አንገባም አለች። ርዕሰ መምህሩ ተመልሰው ለመኗቸው፤ አልተመለሱም። ከ450 በላይ ተማሪ እርሷን ተከትሎ ወጣ።

በኅብረታችን ይህን ታሪክ ሳነሣ "ውሸቱስ?" የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። አንዱ የግብፅን አዋላጆች ይጠቅሳል፣ ሌላው ረዓብን፤ አንዲት እህት ደግሞ አንድ ጊዜ "ርዕሰ መምህሩን ማን ጠየቃቸው?" ብላ ሁላችንንም ዝም አሰኘችን። ተማሪዎቹ ሰውየውን ከግቢው ያራቁት እንዳይከለክሏቸው ብቻ አይደለም፤ ተባባሪ ነበሩ ተብለው እንዳይወቀሱም ነበር። አሳባቸው መልካም ነበር፤ ሰውየው ግን አልዳኑም። ቦርዱ ውላቸውን አላደሰም። እኔ ውሸቱን ለማስዋብ አልፈልግም፤ ይሁን እንጂ ወራት ሙሉ በቀጥታ በር ሲያንኳኩ በር የዘጋባቸውን ቦርድ ሳይጠይቁ የልጆቹን የስልክ ጥሪ ብቻ መመርመርም ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

ያን ዕለት ልጆቹ መጋቢ ግሪፈንን ምክር ጠየቁ። አንዳንዶቹ መጀመሪያ ወላጆቻችንን እናስፈቅድ አሉ። መጋቢው ራሳቸው አልወሰኑላቸውም፤ ድምፅ ስጡበት አሏቸው፤ ሳያስፈቅዱ ለመቀጠል ተወሰነ። ባርባራና ካሪ በሪችመንድ ለሚገኙ የኤንኤኤሲፒ ጠበቆች ደብዳቤ ጻፉ። ከሁለት ቀን በኋላ ኦሊቨር ሂል እና ስፖትስውድ ሮቢንሰን መጥተው በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት አገኟቸው። አመጣጣቸው ልጆቹን ወደ ክፍል እንዲመለሱ ለመምከር ነበር። የልጆቹን ሥርዓትና ቁርጠኝነት ሲያዩ ግን አሳባቸውን ለወጡ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ክሱ ለተሻለ የጥቁሮች ሕንፃ ሳይሆን መለያየቱ ራሱ እንዲቀር ይሁን፤ ወላጆችም ይስማሙ። ሕንፃ ብለው ለወጡ ልጆች ይህ ከጠበቁት እጅግ የራቀ ነበር። ግንቦት 3 በቤተ ክርስቲያኑ በተደረገው ትልቅ ስብሰባ የተቃወሙም ነበሩ፤ ባርባራ ተነሥታ መለሰችላቸው፤ መጋቢውም ከልጆቹ ጎን ቆሙ። ግንቦት 7 ተማሪዎቹ ወደ ክፍል ተመለሱ። ግንቦት 23 በ117 ተማሪዎች ስም ክሱ ለፌዴራል ፍርድ ቤት ቀረበ። መዝገቡ የተጠራው በባርባራ ስም አይደለም፤ ከስም ዝርዝሩ ቀዳሚ በሆነችው በዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋ በዶሮቲ ዴቪስ ስም ነው።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። በትምህርት ቤቱ ግቢ መስቀል ተቃጠለ፤ ማስፈራሪያው ይህ ነበር። ወላጆቿ ለሕይወቷ ሰግተው ባርባራን አላባማ ወዳለው አጎቷ ወደ መጋቢ ቨርነን ጆንስ ላኳት፤ የመጨረሻ ክፍሏን በዚያ ተማረች። በ1953 ካውንቲው አዲስ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ከፈተ። ክሱ በታችኛው ፍርድ ቤት ተሸንፎ ነበር፤ ከሌሎች አራት ክሶች ጋር ተጣምሮ ግን ግንቦት 17 ቀን 1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች መለያየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ፈረደ። ከአምስቱ ክሶች በተማሪዎች አድማ የተጀመረው የሞተን ብቻ ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ለማስተማር ይቀልለኝ ነበር። ካውንቲው ግን በ1959 ጥቁርና ነጭ አብረው ከሚማሩ ይቅር ብሎ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችን በሙሉ ዘጋ። ነጮቹ የግል ትምህርት ቤት ከፈቱ። ወደ 1,700 የሚጠጉ ጥቁር ልጆች መማሪያ አጡ፤ ከድሀ ነጮችም የቀሩ ነበሩ። አንዳንዱ ዘመድ ጋር ሄዶ ተማረ፣ አንዳንዱ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በተከፈቱ ማዕከላት ፊደል ቆጠረ፣ አንዳንዱ ከዚያ በኋላ ክፍል አልገባም። ትምህርት ቤቶቹ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተከፈቱት በ1964 ነው። ያ መዝገብ በመጋቢ ግሪፈን ልጆች ስም የተከፈተ ነበር።

ባርባራ የአንድ መጋቢ ሚስት፣ የአምስት ልጆች እናት ሆና በፊላደልፊያ በቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት አገለገለች። በ1991 አረፈች። አሮጌው የሞተን ሕንፃ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ መድረክ ያለው አዳራሽም በስፍራው አለ።